ሥዕል ሸጦ ሥዕል መጠበቅ፦ የብሩክሊን ሙዚየም የ2020 ጨረታ

ኦክቶበር 15 ቀን 2020 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አጫረተ። ሠዓሊው ጀርመናዊው ሉካስ ክራናክ ነው፤ አባትየው። ልጁም በዚሁ ስም የሚጠራ ሠዓሊ ስለነበር መለየቱ አይከፋም። ሥዕሉ «ሉክሪሺያ» ይባላል። ክብሯን የተደፈረች ሮማዊት ጩቤ ወደ ደረቷ ስታዞር ያሳያል። ባለሙያዎቹ አስቀድመው ከ1.2 እስከ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ብለው ገምተው ነበር። መጨረሻ ላይ 5.07 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ሻጩ ውርስ የሚካፈል ቤተሰብ አይደለም። ዕዳ የጠናበት ነጋዴም አይደለም። የብሩክሊን ሙዚየም ነው። ገንዘቡ ሌላ ሥዕል አይገዛበትም፤ ቤት የቀሩትን ለመንከባከብ ይውላል ተባለ። ከውጭ ለሚያየው ሰው ይህ ምንም የሚያስገርም ነገር የለውም። የሙዚየም ሰዎችን ግን ለሁለት ከፍሎ አነታርኳል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከጨረታው አዳራሽ ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ሙዚየሙ መጋዘን መግባት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቅ ቤት፣ ትንሽ ኪስ

የብሩክሊን ሙዚየም ሕንፃ ለሕዝብ የተከፈተው በ1897 ነው። ሐሳቡ በዓለም ትልቁን ሙዚየም መሥራት ነበር። በዓመቱ ብሩክሊን ራሷን የቻለች ከተማ መሆኗ ቀረና ከኒውዮርክ ጋር ተቀላቀለች። ሕልሙም በዚያው ቀዘቀዘ። ከታሰበው ሕንፃ የተሠራው ከፊሉ ብቻ ነው። ከፊሉ ስል ግን ከ50 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ነው! ያን ሁሉ ጣሪያ ማደስ፣ ያን ሁሉ ክፍል ማሞቅና ማቀዝቀዝ ለማንም ቢሆን ራስ ምታት ነው።

ውስጡ ያለውም የዋዛ አይደለም። የጥንታዊ ግብፅ ስብስቡ በዓለም ስሙ የተጠራ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ሥዕል፣ የአፍሪካ ጥበብ፣ የቤት ዕቃ፣ የመስታወት ሥራ፣ ምን የሌለ አለ? ጎብኚው የሚያየው ከዚህ ጥቂቱን ነው። የቀረው መጋዘን ተቀምጧል። መጋዘን መቀመጥ ደግሞ በነፃ አይደለም።

ገንዘቡ እንደ ዕቃው አልበዛለትም። ወንዙን ሲሻገሩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። የከተማዋ ሀብታም ስጦታ ሲያስብ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሕንፃው የከተማው አስተዳደር ንብረት ስለሆነ ከመንግሥት የሚገኝ ድጎማ አለ፤ ግን ሁሉን አይሸፍንም። በ2016 የበጀት ጉድለት ሲያሰጋው በፈቃዳቸው ለሚለቁ ሠራተኞች ክፍያ አዘጋጅቶ ነበር። ኮሮና ሳይመጣ፣ ማንም ስለ ወረርሽኝ ሳያስብ ማለት ነው።

ከ2020ው ጨረታ በፊት መታወቅ ያለበት ሌላ ታሪክም አለ። ሙዚየሙ በአሜሪካ ካሉት ምርጥ የአልባሳት ስብስቦች አንዱ ነበረው። ወደ 23 ሺህ 500 የሚጠጋ ቀሚስ፣ ኮት፣ ጫማ፣ ባርኔጣ። በ2009 ይህን ሁሉ ለሜትሮፖሊታን አስረከበ። ልብስ ለሙዚየም ከባድ ዕዳ ነው። በተለይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐር። የዘመኑ አምራቾች ሐሩ ከበድ ብሎ ጥሩ እንዲወድቅ በብረት ጨው ይነክሩት ነበር። ዛሬ ያ ጨው ክሩን ከውስጥ በልቶታል። ቀሚሱን ማንም ሳይነካው፣ ተሰቅሎ ብቻ፣ በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ስለዚህ በጠፍጣፋ መሳቢያ ማስተኛት፣ እጥፋቱን በወረቀት መደገፍ፣ ከብርሃን መከለል ያስፈልጋል። ይህን ለሺዎች ማድረግ ቦታ፣ ሰውና ገንዘብ ይጠይቃል። ብሩክሊን ለዚያ ሁሉ አቅም ስላልነበረው አቅም ላለው ሰጠ። ስጦታ እንጂ ሽያጭ አልነበረም። ስለዚህ ብዙም አላስጮኸም። ለእኔ ግን ከክራናክ ሽያጭ የሚበልጥ ነገር ነው፤ አንድ ሙሉ ስብስብ ነው ከቤት የወጣው።

እንክብካቤ ምን ይመስላል?

እንክብካቤ ሲባል ብዙ ሰው አቧራ መጥረግ ይመስለዋል። እንደ «ሉክሪሺያ» በእንጨት ገበታ ላይ የተሠራን ሥዕል እንውሰድ። እንጨት ተቆርጦ 500 ዓመት ቢሞላውም መንቀሳቀሱን አይተውም። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ላዩ ላይ የተቀባው ነጭ ልስንና ቀለም ግን እንደ እንጨቱ አይለጠጥም። ክፍሉ ዛሬ እርጥብ ነገ ደረቅ ከሆነ ቀለሙ ቀስ በቀስ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ከዚያ ይረግፋል። የረገፈ ቀለም አይመለስም።

ሳይረግፍ የደረሰ ባለሙያ ሥራው እንዲህ ነው። ሥዕሉን አጋድሞ በአጉሊ መሣሪያ ሥር ያስቀምጠዋል። በተነሳው ቀለም ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ የጃፓን ወረቀት ያለብሳል። ከስተርጀን ዓሣ የአየር ከረጢት የተሠራ ሙጫ ለብ ያደርጋል። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ከቅርፊቱ ሥር ጠብ ያደርጋል። ሙጫው እስኪሰርግ ይጠብቃል። ከዚያ ሞቅ ባለች፣ ጣት በማታክል ጠፍጣፋ ስፓቱላ ቀለሙን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይጫነዋል። መዳፍ የማታክል ቦታ ሙሉ ቀን ልትወስድ ትችላለች። ሙጫው ርካሽ ነው። ውዱ እጁ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ሌላ ማንም የማያየው ወጪ አለ። የክፍሉን እርጥበት አንድ ደረጃ ላይ የሚያቆዩ ማሽኖች ሌት ተቀን ይሠራሉ። ወረቀትና ፎቶግራፍ አሲድ በሌለው ካርቶን ይታሸጋል። ብል የሚይዝ ወጥመድ በየጥጉ ይቀመጣል፤ በየጊዜውም ይፈተሻል። በየመደርደሪያው ምን እንዳለ ተቆጥሮ ይመዘገባል። በስሙ አዳራሽ እንዲሰየምለት የሚፈልግ ለጋሽ ሞልቷል። «የእገሌ መታሰቢያ የእርጥበት መቆጣጠሪያ» እንዲባልለት የሚመኝ ግን እስካሁን አልሰማሁም። ነገሩ ወዲህ ነው። ዕቃ ማስገባት ለጋሽ አለው፤ የገባውን ማኖር የለውም።

የማይነካው ደንብ

በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞችን የሚመሩ ሰዎች ማኅበር አላቸው። የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተሮች ማኅበር ይባላል። ማኅበሩ ለረጅም ጊዜ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ሙዚየም ሥዕል መሸጥ ይችላል፤ የሽያጩ ገንዘብ ግን ሌላ የጥበብ ሥራ ለመግዛት ብቻ ይውላል። ለደሞዝ አይሆንም። ለጣሪያ አይሆንም። ለእንክብካቤም አይሆንም።

ምክንያቱ ከባድ ነው። ሥዕሉን የሰጠው ሰው ለሕዝብ ብሎ ነው የሰጠው፤ ብዙ ጊዜም የግብር ቅናሽ አግኝቶበታል። ሙዚየም በተቸገረ ቁጥር ግድግዳውን እያየ ዋጋ መተመን ከጀመረ ማንም አይሰጥም። የከተማ ምክር ቤቱም «ለምን እንደጉማችሁ? ያንን የሞኔ ሥዕል ሽጡ» ይላል። ይህ ስጋት እንዲሁ የተፈጠረ አይደለም። ዲትሮይት ከተማ በ2013 ስትከስር አበዳሪዎቿ የከተማዋን ሙዚየም ሥዕሎች ዓይተው ነበር።

ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ቅጣቱ ገንዘብ አይደለም፤ መገለል ነው። ሌሎች ሙዚየሞች ሥዕል አያውሱትም፤ አብረውት ዐውደ ርዕይ አያዘጋጁም። በ2008 የኒውዮርኩ ናሽናል አካዳሚ ሁለት ሥዕል ሸጦ ወጪውን ሸፈነ፤ ተገለለ። በ2014 የዴላዌር ሙዚየም ዕዳውን ለመክፈል ሸጠ፤ ተገለለ። በ2018 በማሳቹሴትስ ያለው የበርክሻየር ሙዚየም የኖርማን ሮክዌልን ሥዕል ጨምሮ ሸጦ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፤ እሱም የማኅበሩ ማዕቀብ ደረሰበት።

የሚገርመው ሁሉም እንዲህ ጥብቅ አልነበረም። ከሥነ ጥበብ ውጭ ያሉትንም ሙዚየሞች ያቀፈው የአሜሪካ ሙዚየሞች ኅብረት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገንዘቡ ለግዢም ለቀጥተኛ እንክብካቤም፣ ማለትም ስብስቡን ራሱን ለመጠገንና ለማቆየት፣ ሊውል ይችላል ይል ነበር። በ2019 ደግሞ የሒሳብ አያያዝ ደንብ አውጪው ቦርድ ተጨመረ። በአሜሪካ ሙዚየሞች ስብስባቸውን በሀብት መዝገባቸው ላይ በዋጋ ተምነው እንዲያሳዩ አይገደዱም። ቅድመ ሁኔታው የሽያጩ ገንዘብ ለአዲስ ግዢ እንዲውል ነበር። ቦርዱ በዚያ ዓመት «ወይም ለቀጥተኛ እንክብካቤ» የሚል ጨመረ። ደንቡ በሁለት በኩል ላልቶ ነበር ማለት ነው። ዳይሬክተሮቹ ብቻ ቀርተው ነበር።

እነሱንም ያላላቸው ኮሮና ነው። በማርች 2020 ሙዚየሞች በራቸውን ዘጉ። የመግቢያ ገቢ ዜሮ ገባ። ኤፕሪል 15 ማኅበሩ ውሳኔ አሳለፈ፦ እስከ ኤፕሪል 10 ቀን 2022 ድረስ የሽያጭ ገንዘብን ለስብስብ ቀጥተኛ እንክብካቤ ያዋለ ሙዚየም አይቀጣም። አንድ ግዴታ ግን አለበት። ቀጥተኛ እንክብካቤ የሚለው ምን ምን እንደሚጨምር ራሱ ጽፎ፣ በራሱ በሙዚየሙ ቦርድ አስጸድቆ፣ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት። ልብ በሉ፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ሻጩ ራሱ ነው።

መዶሻው

ሴፕቴምበር 2020 የብሩክሊን ሙዚየም 12 ሥራዎችን በክሪስቲስ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ከክራናክ ሌላ የፈረንሳውያኑ ሠዓሊዎች የኩርቤና የኮሮ ሥዕሎች ነበሩበት። ትልቅ ስም ያለው ሙዚየም በዚህ አዲስ በር ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዳይሬክተሯ አን ፓስተርናክ ዕቅዱን በቁጥር አስቀመጠችው። 40 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ ይቋቋማል፤ ዋናው ሳይነካ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ዶላር ለእንክብካቤ ይወጣል። ከመቶ አምስት ማለት ነው። የአሜሪካ ቋሚ ፈንዶች ብዙ ጊዜ የሚያወጡትም በዚሁ አካባቢ ነው።

ይህ ስሌት ብዙ ሰው ያላስተዋለው የዕቅዱ ጥሩ ጎን ነው። የዘንድሮን ቀዳዳ ለመድፈን ቢሸጥ ኖሮ በዓመቱ ሌላ ሥዕል መሸጥ ይመጣል። ፈንድ ከሆነ ግን ሥዕሉ አንዴ ይሄዳል፤ ወለዱ ይኖራል።

ሥዕል ከሙዚየም እንዲሁ ብድግ ብሎ አይወጣም። የክፍሉ ኃላፊ ይህ ሥራ ከቀሩት ጋር ሲተያይ አስፈላጊ አይደለም ብሎ በጽሑፍ ያቀርባል። ከየት እንደመጣ ይጣራል። የሰጪው ኑዛዜ «አይሸጥ» ይላል ወይ ተብሎ ይታያል። ከዚያ ኮሚቴ፣ ከዚያ ቦርድ። ሲጸድቅ ከስብስቡ መዝገብ ይሰረዛል። ሙዚየሙ ያቀረበው ክርክር ሥራዎቹ በዓይነታቸው ጥሩ ቢሆኑም መውጣታቸው ስብስቡን አያጎድለውም የሚል ነበር።

ወደ ኦክቶበር 15 እንመለስ። የ«ሉክሪሺያ» 5.07 ሚሊዮን ዶላር ሁሉ ወደ ሙዚየሙ አይሄድም። ጋዜጦች የሚያወጡት ቁጥር ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለውን ኮሚሽን ይጨምራል። መዶሻው ያረፈው 4.2 ሚሊዮን ላይ ነው። ክሪስቲስ በዚያ ዓመት ከመጀመሪያው 600 ሺህ ዶላር 25 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 6 ሚሊዮን ላለው 20 ከመቶ ያስከፍል ነበር። 150 ሺህ ሲደመር 720 ሺህ፤ 870 ሺህ ዶላር። ይህ የአጫራቹ ነው። ትልልቅ ሻጮች ከዚህ ላይ ድርሻ እንዲሰጣቸው ይደራደራሉ፤ ያ ግን በሁለቱ መካከል የሚቀር ነገር ነው። የሙዚየም ጨረታ ዜና ስታነቡ ይህችን ልዩነት አትርሱ። «ሙዚየሙ ይህን ያህል አገኘ» የሚለው ርዕስ አብዛኛውን ጊዜ አጋኖ ነው።

በዚያ ቀን 10 ሥራዎች በድምሩ ወደ 6.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። ከዚያ ውስጥ የአንበሳውን ድርሻ የወሰደው ክራናክ ብቻውን ነው። ከ40 ሚሊዮን አንጻር ገና ብዙ ይቀራል። ሁለተኛው ዙር ኦክቶበር 28 ሶዝቢስ በተባለው ሌላው አጫራች ዘንድ ሆነ። እዚያ የቀረቡት ስሞች ከበድ ያሉ ነበሩ፦ ሞኔ፣ ዴጋ፣ ማቲስ፣ ሚሮ፣ ዱቡፌ። የሞኔ ሥዕል 4.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የምሽቱ ኮከብ ግን ሥዕል አልነበረም። የምግብ ጠረጴዛ ነው። ጣሊያናዊው ካርሎ ሞሊኖ የሠራው፣ ከእንጨትና ከመስታወት የተገጠመ። በ1950 በብሩክሊን ሙዚየም ከተከፈተው የጣሊያን ዲዛይን ዐውደ ርዕይ ጋር የመጣ ነበር። ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ተገምቶ 6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከሞኔ በላይ!

ከሙዚየሙ የቀረቡት ሥራዎች ያን ዕለት 19.9 ሚሊዮን ዶላር አወጡ፤ ከነኮሚሽኑ። ሁለቱ ዙሮች ሲደመሩ ወደ 26.5 ሚሊዮን ይመጣል። ኮሚሽኑን ቀንሱበት፤ በግምት 22 ሚሊዮን ገደማ ይቀራል። ከዚህ በዓመት አምስት ከመቶ ቢወጣ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከታሰበው ግማሽ ትንሽ አለፍ ይላል። ለአንድ ወር ሥራ መጥፎ አይደለም። ግን 2 ሚሊዮን አይደለም።

በዚያው ምሽት፣ በዚያው አዳራሽ

ኦክቶበር 28 ሶዝቢስ ላይ ሊሸጥ የተዘጋጀው ብሩክሊን ብቻ አልነበረም። የባልቲሞር የሥነ ጥበብ ሙዚየምም ነበር። እሱ ያቀረበው ሦስት ሥራ ብቻ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ሦስት! የአንዲ ዋርሆል ግዙፉ «የመጨረሻው እራት»፣ አንድ የክሊፎርድ ስቲል፣ አንድ የብራይስ ማርደን። ተስፋ የተደረገው 65 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ 55 ሚሊዮኑ ለስብስብ እንክብካቤ ፈንድ ይሆናል ተባለ። ፈንዱ የእንክብካቤውን ወጪ ሲሸከም ከመደበኛው በጀት የሚተርፈው ገንዘብ ለዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኞች ደሞዝ ጭማሪና ለመሰል ዓላማ ይውላል።

ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ጩኸቱ ግን ከባድ ሆነ። የቀድሞ የቦርድ አባላት የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ጣልቃ እንዲገባ ጠየቁ። ሁለት የቀድሞ የቦርድ ሊቀ መናብርት በድምሩ 50 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ገብተውት የነበረውን ቃል አጠፉ። ማርደን በሕይወት ያለ ሠዓሊ ነበር፤ በሕይወት ያለን ሰው ሥራ መሸጥ ገበያውን ስለሚጎዳበት እንደ ነውር ይታያል። በዋዜማው ደግሞ የዳይሬክተሮቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ለአባላቱ ደብዳቤ ጻፈ። የኤፕሪሉ ውሳኔ ለችግር ጊዜ የተሰጠ ነው እንጂ ያልተቸገረ ሙዚየም የረጅም ጊዜ ዕቅዱን እንዲደጉምበት አይደለም የሚል መልእክት ነበረው። ጨረታው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ባልቲሞር ሥዕሎቹን አነሳ።

ብሩክሊን ግን ሸጠ። አንዱ ወድቆ ሌላው ያለፈበት ምክንያት ደንቡ ላይ የለም፤ ሁለቱም በአንድ አንቀጽ ነው የተጠቀሙት። ልዩነቱ ሌላ ነው። የብሩክሊን ኪስ ባዶ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ባልቲሞር በጀቱ የተስተካከለ ነበር። ብሩክሊን መለያው የሆኑትን ሥራዎች አልነካም፤ ባልቲሞር ጎብኚ ለማየት የሚመጣለትን ነገር አወጣ። ለእኔ ግን ባልቲሞር የተቀጣው ከሁሉም በላይ በግልጽነቱ ነው። ፈንዱ በጀት እንደሚያስለቅቅ፣ የተለቀቀው የት እንደሚሄድ አፍ አውጥቶ ተናገረ።

ምክንያቱም የእንክብካቤ ፈንድ ሁልጊዜም በጀት ያስለቅቃል። ትናንት ካርቶኑና ሙጫው ከመደበኛው በጀት ይገዛ ነበር። ዛሬ ከፈንዱ ይገዛል። በመደበኛው በጀት የተረፈችው ገንዘብ ለመብራት ልትውል ትችላለች፤ ለጥበቃ ደሞዝም። መዝገቡ ላይ ግን ሁሉም ንጹሕ ነው፤ የሥዕሉ ገንዘብ ለሥዕል ዋለ። ይህን ማታለል ነው ማለቴ አይደለም። ግን ገንዘብን ምልክት አድርጎ በአንድ ቦይ ማስኬድ ይቻላል ብሎ የሚያምን ካለ የድርጅት በጀት አይቶ አያውቅም። ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ፈንዱ በየዓመቱ ያወጣውን ብቻ ሳይሆን፣ መደበኛው በጀት ለስብስብ የሚመድበው ከሽያጩ በፊት ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ነው የሚለው ጎን ለጎን ይታተም። ሁለተኛው ቁጥር ከቀነሰ የተሸጠው ሥዕል ለምን እንደዋለ ያኔ ይታወቃል።

ሙጫው ተፈቀደ፣ እጁስ?

ጊዜያዊው በር አልተዘጋም። ሜትሮፖሊታን ሳይቀር በ2021 መጀመሪያ እስከ 150 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የገቢ ጉድለት ሲያሰጋው ከሽያጭ የሚገኘውን ገንዘብ ለስብስብ ሠራተኞች ደሞዝ ለማዋል እያሰበ መሆኑን ተናገረ። ያ ደግሞ ሌላ ዙር ጩኸት አመጣ። በሴፕቴምበር 2022 የዳይሬክተሮቹ ማኅበር ደንቡን በቋሚነት ቀየረ። ከዚያ ወዲህ የሽያጭ ገንዘብ ለግዢም ለቀጥተኛ እንክብካቤም ይሆናል። ትርጉሙንም ለየሙዚየሙ መተው ቀረ፤ ማኅበሩ ራሱ ወሰነው። ጥገና ይፈቀዳል፤ ለጥገና ማሸግና ማጓጓዝም። አሲድ የሌለው ወረቀት፣ ፍሬም፣ ማስቀመጫ፣ በዲጂታል የተሠራን ጥበብ ወደ አዲስ ቅርጸት ማዛወር ይፈቀዳል። የሠራተኛ ደሞዝ አይፈቀድም። ለጊዜያዊ ዐውደ ርዕይ ብቻ የሚወጣ ወጪም እንዲሁ።

የደሞዙ ክልከላ ለምን እንደተባለ ይገባኛል። ደሞዝ ከተፈቀደ ሥዕል መሸጥ የወር ወጪ መሸፈኛ ይሆናል። ግን ያችን በጃፓን ወረቀት ላይ የተንጠባጠበች ሙጫ አስታውሱ። ከእንክብካቤ ወጪ ትልቁ ሰው ነው። በአዲሱ ደንብ ፈንዱ ሙጫውን ይከፍላል፤ ብሩሹን የያዘችውን ቋሚ ባለሙያ አይከፍልም። ያችው ባለሙያ ሥራ ለቃ በግሏ ብትመጣና ሥዕሉን በኮንትራት ብትጠግን ግን ሥራው ጥገና ነውና ሒሳቡ ከፈንዱ ሊወጣ ይችላል። ቋሚ ሠራተኛ ይዞ ከማቆየት በኮንትራት ማሠራት ይቀላል ማለት ነው። መጋዘኑን እንደ መዳፏ የምታውቅ፣ የትኛው ገበታ በክረምት እንደሚያስቸግር በዓይኗ የለየች ሰው ግን በኮንትራት አትገኝም።

ብሩክሊን ራሱስ? በ2025 መጀመሪያ፣ ሁለት መቶኛ ዓመቱን እያከበረ ሳለ (ተቋሙ ከሕንፃው ይቀድማል)፣ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የበጀት ጉድለት እንዳለበት ተናገረ። ከ40 በላይ ሠራተኞችን ሊቀንስ መሆኑንም አስታወቀ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ተቃወሙ። ክራናክ ተሸጧል፣ ሞኔ ተሸጧል፣ ጠረጴዛው ተሸጧል። ከእነሱ የተገኘው ገንዘብ ግን ይህን ጉድለት ሊሸፍን አይችልም። የተገኘው ለእንክብካቤ ነው፤ ለሌላ እንዳይነካ ታስሯል። ያ ገንዘብ ሳይበላ እስካሁን ሊቆይ የቻለውም በዚህ ምክንያት ብቻ ይመስለኛል።